ከተዋናዩ ጀርባ ላለው ዕቃ ዓይን ያላችሁ፦ የቱን ተከታታይ ድራማ ትመርጣላችሁ?

ሰው ቤት ስገባ ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ግድግዳው ላይ ነው። የምርቃት ፎቶ፣ የባንክ ካላንደር፣ ቡፌ ውስጥ ለእንግዳ ብቻ የሚወጡ ብርጭቆዎች፣ ቴሌቪዥኑ ላይ የተነጠፈ ዳንቴል። ቡናው ሳይፈላ ስለቤቱ ግማሹን አውቄያለሁ። ተከታታይ ድራማ ሳይም እንደዚያው ነኝ። ተዋናዩ ሲያወራ እኔ የማየው ከጀርባው ያለው ፍሪጅ ላይ ምን እንደተለጠፈ ነው።

ይህ ልማድ ያለው ሰው ብዙ ነው። "ከጀርባ የተደበቀ ነገር ያለው ተከታታይ ጠቁሚኝ" የሚለኝ ወዳጅም አላጣም። ግን መልሱ ለሁሉም አንድ አይሆንም። አንዱ ድራማ ከጀርባ ጨዋታ ይደብቃል። ሌላው ገና ያልመጣውን ታሪክ ይደብቃል። ሌላው ሰው ይደብቃል፣ ያውም የሞተ ሰው። አንዳንዱ ደግሞ ምንም አይደብቅም። ዘመኑን ልክ እንደነበረ አድርጎ ያስቀምጥና ዝም ይላል። ስለዚህ ያየኋቸውን አነጻጽሬ፣ የቱ ለማን እንደሚሆን ልጻፍላችሁ። ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው።

መጀመሪያ ይህን ጠይቁ፦ ጽሑፍ ማንበብ ይፈልጋል?

ቃና ቴሌቪዥን በ2016 ከጀመረ ወዲህ የውጭ ድራማን በአማርኛ ድምፅ ማየት ለምደናል። ድምፁ ይተረጎማል። ግድግዳው ላይ ያለው ጽሑፍ ግን አይተረጎምም። የሱቁ ስም፣ ጋዜጣው፣ ፖስተሩ፣ በሩ ላይ የተለጠፈው ወረቀት እንዳለ ይቀራል። የግርጌ ትርጉምም ቢሆን ይህን ሁሉ አያነሳም። አብሯችሁ የሚያየው ሰው እንግሊዝኛ እንደልቡ የማያነብ ከሆነ፣ ቀልዱ በፊደል ላይ የተመሠረተ ድራማ መምረጥ ሰውየውን ከጨዋታው ማስወጣት ነው።

ሁለት ኮሜዲዎችን ላወዳድር። አሬስትድ ዴቨሎፕመንት እና ሳይክ።

አሬስትድ ዴቨሎፕመንት በ2003 የጀመረ፣ ሀብቱ የተናጋበት የአንድ ቤተሰብ ታሪክ ነው። (ካላያችሁትና ልታዩት ካሰባችሁ ይህን አንቀጽ ዝለሉት።) ከልጆቹ አንዱ ባስተር፣ ከእናቱ ጉያ ያልወጣው፣ በሁለተኛው ሲዝን አንድ እጁን ያጣል። አዘጋጆቹ ይህን ቀድመው በዕቃ ተናግረውታል። ባስተር በእጅ ቅርጽ የተሠራ ወንበር ነበረው። ወንበሩ ይጠፋበትና በኋላ የቤት ሠራተኛዋ ቤት ያገኘዋል። ያኔ "እጅ" ምን ያህል እንደናፈቀው ይናገራል። ሲያዩት ተራ ቀልድ ነው። ቆየት ብሎ ደግሞ የጦር ሠራዊት ማስታወቂያ የተለጠፈበት አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጣል። ጀርባው የማስታወቂያውን ፊደላት በከፊል ይሸፍናል። ያልተሸፈኑት ፊደላት በእንግሊዝኛ ሲነበቡ "ክንድ ወለቀ" እንደማለት ይሆናሉ። በእንግሊዝኛ "ጦር ሠራዊት" እና "ክንድ" የሚለያዩት በአንድ ፊደል ብቻ ነውና። ይህን የሠራ ሰው ተዋናዩን የትኛው ነጥብ ላይ እንደሚያስቀምጥ በሴንቲሜትር ለክቶ መሆን አለበት። እኔ በሁለተኛ ጊዜ ሳየው ነው የገባኝ። ገብቶኝም ለእናቴ ላስረዳት ብሞክር አምስት ደቂቃ ፈጀብኝ፣ ቀልዱም በመንገድ ሞተ።

ሳይክ የዚህ ተቃራኒ ነው። ከ2006 እስከ 2014 የተላለፈ፣ ባለ ስምንት ሲዝን የመርማሪዎች ኮሜዲ ነው። የሚደብቀው አናናስ ነው። በቃ፣ አናናስ። በመጀመሪያው ክፍል ዋናው ተዋናይ ጄምስ ሮዴይ ፍሪጅ ላይ የተቀመጠ አናናስ አየና በጽሑፉ ላይ ያልነበረ ነገር ተናገረበት። ከዚያ በኋላ አናናሱ ልማድ ሆነ። በየክፍሉ ማለት ይቻላል አንድ ቦታ አለ። አንዳንዴ ፍሬው ራሱ፣ አንዳንዴ ሥዕሉ፣ አንዳንዴ ቅርጹ። ይህ ምንም ቋንቋ አይጠይቅም። የሰባት ዓመት ልጅ ከሰባ ዓመት አያቱ ጋር ሊፈልገው ይችላል። ከልጆች ጋር የምታዩ ከሆነ ግን ግድያም ያለበት ድራማ መሆኑን አስቡበት።

በቤተሰብ ሰብሰብ ብላችሁ የምታዩ ከሆነ ሳይክን፣ ብቻችሁን ከሆናችሁና እንግሊዝኛው የማይከብዳችሁ ከሆነ አሬስትድ ዴቨሎፕመንትን ውሰዱ።

ፍሬንድስ፣ ሰውን በዕቃው ለማወቅ

ፍሬንድስን ያላየ ሰው አሁን አሁን ማግኘት ከባድ ነው። ኒውዮርክ ውስጥ የሚኖሩ የስድስት ጓደኛሞች ኮሜዲ ነው፣ ከ1994 እስከ 2004፣ 236 ክፍል። ብዙ ሰው ግን በጆሮው ነው ያየው። ሌላ ሥራ እየሠራ፣ ሳቁን እየሰማ። እኔ የምላችሁ፣ ድምፁን ቀንሱትና አንድ ክፍል እዩ።

በጆይና በቻንድለር ቤት በር ላይ ከውስጥ በኩል ልጆች በማግኔት እስክሪብቶ የሚስሉበትና የሚያጠፉበት ሰሌዳ ተሰቅሏል። ማግና ዱድል ይባላል። ሥዕሉ በየክፍሉ ይለዋወጣል። አንዳንዴ ከዕለቱ ታሪክ ጋር የሚሄድ ነገር ተስሎበታል፣ አንዳንዴ መልእክት ተጽፎበታል። ስለሱ ማንም ምንም አይናገርም። ሁለት ወንድ ላጤዎች አብረው የሚኖሩበት ቤት መሆኑን ከዚያ ሰሌዳ የበለጠ የሚናገር ነገር የለም። ለጀማሪ ከዚህ የተሻለ መለማመጃ አላውቅም። ቦታው አይቀየርም፣ የሚቀየረው ሥዕሉ ብቻ ነው። ዓይናችሁ የት መሄድ እንዳለበት ያውቃል።

የሞኒካ በር ደግሞ ሌላ ታሪክ አለው። በማየኛዋ ቀዳዳ ዙሪያ ያለውን ቢጫ ፍሬም ሁሉም ሰው ያውቀዋል። መጀመሪያ መስታወት ነበር። ከቀረጻ ሠራተኞቹ አንዱ ሰበረው። የቤቱን ዕቃ የሚያደራጀው ግሬግ ግራንዴ ባዶውን ፍሬም በሩ ላይ ሰቀለው፣ እዚያው ቀረ። ዛሬ ያ ፍሬም በየአገሩ ለብቻው ይሸጣል። ግድግዳው ሐምራዊ የሆነው ደግሞ በፕሮዳክሽን ዲዛይነሩ በጆን ሻፍነር ሐሳብ ነው። ቻናል እየቀያየረ የሚያልፍ ሰው ቀለሙን ባየ ቅጽበት የትኛው ድራማ ላይ እንደደረሰ እንዲያውቅ ነበር ፍላጎቱ። ከቴሌቪዥኑ በላይ ያለው ትልቁ ፖስተር ፈረንሳዊው ዡል ሼሬ በ19ኛው ክፍለ ዘመን ለአንድ የፓሪስ መደብር የሠራው የአሻንጉሊት ማስታወቂያ ነው። ካፌው ውስጥ ስድስቱ ሁልጊዜ ያ ብርቱካናማ ሶፋ እንዴት ባዶ ሆኖ እንደሚጠብቃቸው ጠይቃችሁ ታውቃላችሁ? ጠረጴዛው ላይ "የተያዘ ነው" የምትል ትንሽ ምልክት የምትታይባቸው ክፍሎች አሉ። ፈልጓት።

ስሕተትም አለ። የሞኒካ ቤት ቁጥር መጀመሪያ ላይ 5 ነበር፣ በኋላ 20 ሆነ። የወንዶቹ ደግሞ ከ4 ወደ 19። በመስኮቱ የሚታየው ከፍ ካለ ፎቅ ላይ የሚታይ ነገር ሆኖ ሳለ፣ ቁጥሩ የታችኛውን ፎቅ ይመስል ነበር። አስተካከሉት፣ ሳይናገሩ።

ፍሬንድስ ምንም ትልቅ ሚስጥር አይደብቅም። ያንን የምትፈልጉ ከሆነ አይሆናችሁም። የሚሰጣችሁ ቤት ነው። የተኖረበት ቤት።

ማታ፣ መብራት አጥፍቶ፦ ዘ ሃውንቲንግ ኦፍ ሂል ሃውስ

ይህን ያየሁት ከታናሽ ወንድሜ ጋር ነው። እሱ አስፈሪ ነገር ይወዳል፣ እኔ ቤቱን ለማየት ነው የተቀመጥኩት። መሐል ላይ ክንዴን ያዘና "አቁሚው! አቁሚው!" አለኝ።

"ምን አየህ?"

"መልሺው። ከኋላዋ።"

መለስኩት። ኮሪደር ነው። ልጅቷ ቆማ ታወራለች። ከኋላዋ ጨለማው ውስጥ አንድ ፊት አለ። ካሜራው ወደሱ አይሄድም። ሙዚቃው ከፍ አይልም። ማንም ዞር ብሎ አያየውም። ትዕይንቱ ያልቃል፣ ፊቱም አብሮ ይሄዳል። ሁለታችንም ለጥቂት ጊዜ ዝም አልን። ከዚያ ወንድሜ ተነሥቶ የኮሪደራችንን መብራት አበራ።

ኔትፍሊክስ ይህን ባለ 10 ክፍል ድራማ በጥቅምት 2018 ነው ያወጣው። ዳይሬክተሩ ማይክ ፍላናገን በድራማው ውስጥ ብዙ መናፍስትን ከጀርባ እንደደበቀ ራሱ ተናግሯል። በኮምፒውተር የተጨመሩ ሳይሆኑ ሜካፕ የተቀቡ ተዋንያን ናቸው። ከፒያኖ ሥር፣ ከደረጃ ጀርባ፣ ከበር መስታወት ወዲያ ማዶ ቆመዋል። ሐሳቡን ልብ በሉ። ተመልካቹ ባያያቸውም ይሠራሉ። ምን እንደሆነ ሳታውቁ የሆነ ነገር ይከብዳችኋል። ሌላ ቦታ የተደበቀ ነገር ለተመልካች ጨዋታ ነው። እዚህ ግን ድራማው ራሱ የቆመው በሱ ላይ ነው።

ስድስተኛው ክፍል ለብቻው መታየት አለበት። የተሠራው በ5 ረጃጅም ቀረጻዎች ነው። አባትየው ከቀብር አስፈጻሚው ቤት ኮሪደር ተነሥቶ ይራመዳል፣ ካሜራው ሳይቆረጥ ከብዙ ዓመት በፊት የኖሩበት አሮጌ ቤት ውስጥ ይገባል። ሁለቱ ቤቶች ተያይዘው ስለተሠሩ ነው እንዲህ የሆነው። ድንጋጤ የማይመቸው ሰው፣ የልብ ሕመም ያለበት፣ ወይም በቅርቡ ሐዘን የደረሰበት ሰው ይለፈው። ታሪኩ ከላይ መናፍስት ይሁን እንጂ ከሥሩ ሐዘን ነው፣ ወንድምና እኅት የሚያለቅሱበት ሐዘን።

ትዕግሥት ላለው፦ ብሬኪንግ ባድ

እኔን ከሁሉ ያስደነቀኝ ነገር ሱሪ ነው።

ብሬኪንግ ባድ በጥር 2008 ሲጀምር የመጀመሪያው ምስል በረሃ ነው። ከዚያ ባዶ ሱሪ አየር ላይ ይንሳፈፍና መንገዱ ላይ ይወድቃል። መኪናው ይረግጠዋል። ባለቤቱ፣ የኬሚስትሪ መምህሩ ዋልተር ዋይት፣ በውስጥ ሱሪ ቀርቷል። ሱሪው እዚያው ተረሳ። ታሪኩ ቀጠለ፣ አምስት ሲዝን ሄደ፣ ሰውየው ሌላ ሰው ሆነ። በመስከረም 2013 በተላለፈው "ኦዚማንዲያስ" በተሰኘው ክፍል ዋልተር የገንዘብ በርሜል እያንከባለለ ያንኑ በረሃ ብቻውን ያቋርጣል። በዳር በኩል መሬት ላይ አንድ ጨርቅ ወድቋል። ያ ሱሪ ነው።

አምስት ዓመት ከመንፈቅ በላይ! ማንም "እዩት" አላለም። በርሜሉ ያልፈዋል፣ እሱም አያየውም። አንድ የዕቃ ክፍል ሠራተኛ ያን ሱሪ አስታውሶ፣ ፈልጎ፣ በፀሐይ የነጣ አስመስሎ አፈር ላይ ሲያስቀምጥ ይታየኛል። ይህን ባወቅሁ ቀን የመጀመሪያውን ክፍል እንደገና ከፈትኩት።

ይህ ድራማ ቀለምንም ይጠቀማል። የዋልተርን ሚስት እኅት፣ የማሪን ቤት እዩ፣ ሐምራዊ ያልሆነ ነገር ለማግኘት ትቸገራላችሁ። የሁለተኛው ሲዝን የአራት ክፍሎች ርዕስም ሲገጣጠም የሲዝኑን መጨረሻ ይናገራል። የቱ የቱ እንደሆነ አልነግራችሁም።

ኮሚዩኒቲ የተባለው ኮሜዲም እንዲህ ዓይነት ትዕግሥት አለው። በሦስት ሲዝን ውስጥ፣ በየሲዝኑ አንድ ጊዜ፣ ስሙ ሦስት ጊዜ ሲጠራ ብቅ ይላል የሚባል የአንድ የፊልም መንፈስ፣ የቢትልጁስ፣ ስም ይነሣል። ለሦስተኛ ጊዜ በተጠራበት ቅጽበት፣ በ2011፣ እሱን የመሰለ ሰው ከጀርባ ያልፋል። ደስ ይላል። ግን ፊልሙን ለማያውቅ ሰው ባዶ ነው። የብሬኪንግ ባድ ሱሪ ግን ከመጀመሪያው ክፍል ሌላ ምንም ዕውቀት አይጠይቅም። ለዚህ ነው በእኔ ሚዛን የሚበልጠው።

አጭር ነገር ለሚፈልግ ሴቨራንስን ልጠቁም። በ2022 በአፕል ቲቪ ፕላስ የጀመረ ነው። ሠራተኞቹ የሥራ ሰዓት አእምሯቸው ከቤት አእምሯቸው ተለይቷል፣ ከቢሮው መውጣት የማያውቁ ናቸው። ኮምፒውተራቸውን ጠጋ ብላችሁ እዩት። የቁልፍ ሰሌዳው ላይ በእንግሊዝኛ "ማምለጫ" የሚል ስም ያለው ቁልፍ፣ ሁላችንም ላይኛው ግራ ጥግ የምናገኘው፣ የለም።

ዘመን ለሚያሳድድ፦ ማድ ሜን ወይስ ቼርኖቢል

እነዚህ ሁለቱ አይደብቁም። ዕቃው ሁሉ ፊት ለፊት ነው። ደስታው "ይህ እውነት ነው" ማለት መቻል ላይ ነው።

ማድ ሜን ከ2007 እስከ 2015 የተላለፈ፣ የ1960ዎቹ ኒውዮርክ የማስታወቂያ ቢሮ ነው። የድራማው ፈጣሪ ማቲው ዋይነር ለቀረጻ የመጣ ፍራፍሬ በጣም ትልቅ ነው ብሎ መመለሱ ይነገራል። የዚያን ጊዜ ፖም እንዲህ አላበጠም ነበር ብሎ። ይህን ያህል የሚጠነቀቅ ሰው ግን አንድ ነገር አልፎታል። ታሪኩ በ1960 ይጀምራል፣ ጸሐፊዎቹ ጠረጴዛ ላይ ያሉት የአይቢኤም ሴሌክትሪክ የጽሕፈት መኪናዎች ናቸው። ሴሌክትሪክ ገበያ የወጣው በ1961 ነው። አንድ ዓመት ቀደመ። እኔ ይህ ስሕተት ድራማውን ያሳንሰዋል አልልም። እንዲያውም ልዩነቱ አንድ ዓመት ብቻ መሆኑ ሌላው ሁሉ ምን ያህል እንደተለካ ያሳያል።

ቼርኖቢል ግን ለእኛ አገር ሰው ሌላ በር አለው። በ1986 በሶቪየት ኅብረት ስለደረሰው የኑክሌር ጣቢያ አደጋ የሚተርክ የኤችቢኦ ድራማ ነው፣ በ2019 የወጣ፣ 5 ክፍል ብቻ። የጣቢያው ሠራተኞች ይኖሩባት የነበረችው የፕሪፒያት ከተማ ሆኖ የሚታየው በሊቱዌንያ፣ ቪልኒየስ ውስጥ ያለው የፋቢዮኒሽኬስ ሰፈር ነው። የኃይል ማመንጫው ደግሞ የቼርኖቢል ዓይነት ሬአክተር ያለው፣ ሥራ ያቆመው የኢግናሊና ጣቢያ ነው። ልብሱ፣ የግድግዳ ወረቀቱ፣ ስልኩ፣ የኩሽናው ዕቃ በቀድሞ ሶቪየት ኅብረት የኖሩ ሰዎችን አስገርሟል። የተተቸበትም አለ። በአንዳንድ የውጭ ቀረጻ ላይ ከዘመኑ በኋላ የመጡ የፕላስቲክ መስኮቶች ይታያሉ።

አጎቴ በደርግ ዘመን ሶቪየት ኅብረት ሄደው ከተማሩት ናቸው። ድራማውን አብረን ለማየት ስጠይቃቸው "የአደጋ ፊልም አልወድም" አሉኝ። እሺ አሰኘኋቸው። ልክ መጀመሪያው ላይ ሳይንቲስቱ ኩሽናው ውስጥ ተቀምጦ ድምፁን በካሴት ሲቀዳ፣ ጋሼ ወደ ስክሪኑ ጠጋ አሉ።

"አንቺ፣ ይሄን ኩሽና አውቀዋለሁ።"

"የት ያውቁታል ጋሼ?"

"አውቀዋለኋ! እንዲህ ያለ ቤት ነው እንግድነት የሚጠሩን።"

ከዚያ በኋላ ስለ ሬአክተሩ አልጠየቁኝም። ስለ ክፍል ጓደኞቻቸው፣ ስለ ክረምቱ፣ መጀመሪያ ሻይ ስላስጠጧቸው አሮጊት አወሩኝ። እኔም ድራማውን አቁሜ ሰማኋቸው። በዚያ ዘመን እዚያ የተማረ አባት፣ እናት፣ አጎት ወይም ጎረቤት ካላችሁ፣ ከዚህ ዝርዝር ቼርኖቢልን ምረጡ። ማድ ሜን ይቆይ። ማድ ሜንን የሚወድ ሰው የልብስና የቤት ዕቃ ዲዛይን የሚወድ ሰው ነው፣ ብዙ ሲዝን ለመቀመጥም የሚችል።

የትኛው ቅጂ? የትኛው ስክሪን?

ይህን ክፍል የማይዘነጋ ሰው ጥቂት ነው፣ ግን ምርጫችሁን ሊያበላሽ የሚችለው ይኸው ነው። የድሮ ድራማዎች የተሠሩት ቅርጹ ወደ ካሬ ለሚጠጋው የድሮ ቴሌቪዥን ነው። የዛሬው ስክሪን ሰፊ ነው። ምስሉን ለማስፋት ሲሉ አንዳንዶቹ ላይና ታቹን ይቆርጡታል።

የካርቱን ኮሜዲው ሲምፕሰንስ ዲዝኒ ፕላስ ላይ በኅዳር 2019 ሲወጣ የድሮዎቹ ክፍሎች እንዲህ ተቆርጠው ነበር። በአንዱ ክፍል አባትየው ሆመር የቢራ ፋብሪካ ይጎበኛል። ሦስት የተለያየ ስም ያላቸው ቢራዎች በሦስት ጋን ይታያሉ። ከላይ ግን ሦስቱንም የሚሞላው አንድ ቧንቧ ነው። ቀልዱ ቧንቧው ነው። ላይኛው ሲቆረጥ ቧንቧው ጠፋ፣ ቀልዱም ጠፋ። ተመልካች ጮኸ፣ በግንቦት 2020 የመጀመሪያውን ቅርጽ መምረጥ ተቻለ። ስለዚህ ሲምፕሰንስን የምታዩ ከሆነ ከማብራታችሁ በፊት ምርጫውን ገብታችሁ አስተካክሉ። ሳይንፌልድ የተባለው የድሮ ኮሜዲም በ2021 ኔትፍሊክስ ላይ ሲመጣ ይኸው ደረሰበት። መንገድ ላይ ስላለ ጉድጓድ የሚያወራ ክፍል አለው። ጉድጓዱ ከፍሬሙ ውጭ ቀረ።

ፍሬንድስ በተቃራኒው ነው። በፊልም የተቀረጸው ምስል በጎን በኩል ትርፍ ስለነበረው ሲሰፋ ጎኖቹ ተከፈቱ። ስለዚህ በሰፊው ቅጂ ላይ መታየት ያልነበረበት ነገር በዳር ይታያል። የቀረጻው ቤት ጠርዝ፣ አንዳንዴም በተዋናይዋ ቦታ የቆመች ተተኪ። ስሕተት ማደን የሚያስደስታችሁ ከሆነ ሰፊውን፣ እንደታሰበው ማየት ከፈለጋችሁ የድሮውን ዲቪዲ ፈልጉ።

ሂል ሃውስን ግን በስልክ አትዩት። በቴሌግራም የሚዞረው የተጨመቀ ቅጂማ ጭራሽ አይሆንም። ፋይሉ ሲጨመቅ መጀመሪያ የሚጎዳው ጨለማው ነው። ጥቁሩ ቦታ ሁሉ ትልልቅ ካሬ ይሆናል፣ ፊቶቹም አብረው ይጠፋሉ። ዳታ መቆጠብ ካለባችሁ ሳይክን ወይም ፍሬንድስን ምረጡ። ደማቅ ናቸው፣ ዝቅ ባለ ጥራትም አናናሱ አናናስ ነው።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ያያችሁት ሁሉ የተደበቀ ትርጉም የለውም። በግንቦት 2019 ጌም ኦፍ ትሮንስ ላይ ጠረጴዛ ላይ የታየው የቡና ኩባያ ዓለምን አነጋገረ። የተረሳ ኩባያ ነበር። ኤችቢኦ በሁለት ቀን ውስጥ ከምስሉ አጠፋው። አንድ የታወቀ ጋዜጣም አለ። ረጅም ጥቁር ፀጉር ያላት ሴት ፎቶ ያለበት። ማሪድ ዊዝ ቺልድረን ላይ ይነበባል፣ ሞደርን ፋሚሊ ላይ ይነበባል። አንዳንዱ ሰው ድራማዎቹን የሚያገናኝ ሚስጥር አድርጎ ወሰደው። ነገሩ የፈቃድ ጉዳይ ነው። የእውነተኛ ጋዜጣ ስምና ፎቶ ለማሳየት ባለቤቱን ማስፈቀድ ያስፈልጋል። ስለዚህ በካሊፎርኒያ ኧርል ሄይስ ፕሬስ የሚባል፣ ከ1915 ጀምሮ ለቀረጻ የሚሆን ወረቀት የሚያትም ድርጅት ያንኑ ጋዜጣ ለሁሉም ይሸጣል።

ስለ አተያይም አንድ ነገር። በመጀመሪያው ዙር አታድኑ። ታሪኩን እዩ። ዓይናችሁ በራሱ ጊዜ ወደ ጀርባ ይሄዳል፣ ያኔ ያገኛችሁት ነገር የእናንተ ነው። ዝርዝሩን አስቀድሞ አንብቦ ምልክት እያደረገ የሚያይ ሰው አይቻለሁ። አንድም ጊዜ ሲደነግጥ አላየሁትም። ከዚህ የማስወጣው ሂል ሃውስን ብቻ ነው፣ እሱም በጣም የምትፈሩ ከሆነ። መናፍስቱ የት እንዳሉ ማወቅ ፍርሃቱን ያለዝበዋል።

እንግዲህ እኔ ብሆን፣ ከዚህ በፊት ጀርባ አይቶ ለማያውቅ ሰው ፍሬንድስን እሰጠዋለሁ፣ ሰሌዳውን ብቻ እንዲከተል። ልጆችና አያቶች ለሞሉበት ቤት ሳይክን። ለአጎቶች ቼርኖቢልን። ለሁለት ሆነው ተጠጋግተው ለሚቀመጡ ሂል ሃውስን። ረጅም ጊዜ ላለውና ለመጠበቅ ለሚፈቅድ ብሬኪንግ ባድን።

ወንድሜ አሁን ብሬኪንግ ባድ ሦስተኛው ሲዝን ላይ ደርሷል። በየማታው ስለ ታሪኩ ይደውልልኛል። ስለ ሱሪው እስካሁን አልነገርኩትም።